ለእማማ ዘነበች ያደረስኳቸው ሰላምታዎች

ከክፍላችን ተማሪዎች በዕድሜ ትልቋ እኔ ነኝ። አብዛኞቹ ገና ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል መውጣታቸው ነው፤ እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። የነርስነት ትምህርት በጀመርን በሁለተኛው ወር መምህራችን፣ ከዚህ በፊት ሥራ የነበረን ተማሪዎች ስለ ሥራችን ጽፈን ለሌሎቹ እንድናካፍል ጠየቁን። "ጥሩ ጥሩውን ብቻ አትጻፉ" አሉ። የታዘዝኩትን በደንብ መሥራት ስለምወድ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ሦስቱም ላይ የነበረው ጥሩ ጥሩው ብቻ ነው። ይህ አራተኛው ነው።

ሥራዬ፣ ሐኪም ቤት "ከዚህ በኋላ ቤታችሁ ውሰዷቸው" ብሎ የሸኛቸውን ሕሙማን በየቤታቸው እየዞርኩ መንከባከብ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ኮልፌ ቀራንዮን በእግርና በታክሲ ዞሬበታለሁ። ባለፈው ዓመት ድርጅታችን የቤት ለቤት ሥራውን ሲያቆም ለሁላችንም የምስጋና ደብዳቤ ተሰጠን፤ እኔም ከዚያ በኋላ ነው ለመማር የተመዘገብኩት። ደመወዙ ብዙ አልነበረም፤ ስለ እሱ የምለው የለኝም።

ወደ ሥራው የገባሁት በአጋጣሚ ነው። 18 ማዞሪያ አጠገብ ባለች ትንሽ ሱቅ ተቀጥሬ እሸጥ ነበር። ከሱቁ ጀርባ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት አልጋ ላይ ሲወድቁ፣ ገበያ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት እየገባሁ አጥባቸውና አገላብጣቸው ነበር። አንድ ቀን ነጠላ የለበሱ ቀጠን ያሉ ሴት በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩ። ሲስተር የሺ ነበሩ።

"ማን አስተማረሽ?" አሉኝ።

"ማንም።"

"ያስታውቃል። ወገብሽን ልትሰብሪ ነው። ጉልበትሽን እጠፊ፤ አንሶላውን ያዢ እንጂ እሳቸውን አትጎትቺ።"

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሱቁን ለቅቄ ከእሳቸው ጋር መሥራት ጀመርኩ።

ሲስተር የሺ ሆስፒታል ሠርተው ጡረታ ከወጡ በኋላ ወደ ድርጅቱ የመጡ ነርስ ናቸው። ብዙ አይናገሩም፤ የተማርኩት አብዛኛውን እያየሁ ነው። የሰው ግቢ በር ወለል ብሎ ቢከፈትም ያንኳኳሉ። ከመግባታቸው በፊት ስልካቸውን ያጠፋሉ። ታማሚ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ያሞቃሉ፤ ክረምት ላይ እንዲህ ሆነው ሲቆሙ የማያውቃቸው ሰው የበረዳቸው ይመስለዋል። አልጋ ላይ አይቀመጡም። ዱካ ያስመጡና ከታማሚው ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። "ከላይ ሆነሽ የተናገርሽው ሁሉ ትእዛዝ ይመስላል" ይሉኝ ነበር።

አፍ ማጽዳትን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ለስላሳ ጨርቅ ጣቴ ላይ እጠቀልልና፣ ትንሽ ጨው በገባበት ለብ ያለ ውሃ ነክሬ፣ ከጉንጭ ጀምሬ ወደ ድድ፣ መጨረሻ ላይ ምላስ። ከንፈር ላይ ቫዝሊን። ይሄ ቀላል ይመስላል። ግን ለሳምንት "መናገር አቁሟል" የተባለ ሰው፣ አፉ ሲጸዳለት ውሃ ሲለምን ሰምቻለሁ። ሰውዬው ዝም ያለው አፉ ደርቆ ነበር።

የሚጠጣውን ሞርፊን ለቤተሰብ ከማስረከባቸው በፊት፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ውሃ እያስቀዱ ያለማምዳሉ። አንድ መስመር ካለፈ ያስደፋሉ። በየአራት ሰዓቱ፣ ሕመሙ ሳይመለስ። "ሕመም ከመጣ በኋላ አትሩጡ፤ ቀድማችሁ ጠብቁት" ይላሉ። ሰው ሞርፊን ሲባል የመጨረሻ መድኃኒት ነው ብሎ ይፈራል፤ እሳቸው ያንን ፍርሃት ሳይንቁ፣ አንድ በአንድ እየሰሙ ያስረዳሉ።

ለእያንዳንዱ ታማሚ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን የሚሏት ነገር አለች። "የጠየቁኝን አልዋሽዎትም። ያልጠየቁኝን አልነግርዎትም።" እኔም ቃል በቃል ይዣት ነበር።

ብቻዬን የተላክሁበት የመጀመሪያው ቤት ሳንሱሲ ነበር። ጋሽ ቶሎሳ የአውቶቡስ ሹፌር የነበሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል።

"አንቺ ልጅ፣ ነጭ ጋዋን የለሽ፣ መርፌ የለሽ፣ ምን ልትሠሪ መጣሽ?" አሉኝ።

"ልገለብጥዎት ነው ጋሼ።"

"ሠላሳ ዓመት ነድቼ ተገልብጬ አላውቅም። በአንቺ ሊሆን ነው?"

ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ። ጋሽ ቶሎሳ ተረጎሙልኝ፤ "ዝም ብለህ ተገልበጥ ነው የምትለው።"

ሁለት ወር ተመላለስኩ። ያረፉት የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች አልጋቸው ዙሪያ ቆመው ሲዘምሩላቸው ነው፤ ግንባራቸው ሳይቋጠር። ከዚያ ቤት ስወጣ ሥራውን የቻልኩት መሰለኝ።

አስተባባሪያችን አቶ ፈለቀ ግን የሚጠይቁን አንድ ነገር ነበር፤ በየወሩ መጨረሻ "ስንት ቤት?" ይላሉ። ቁጥሩ ሲያንስ ይከፋቸዋል። ሰው ሲሞትብን ደግሞ ቁጥሩ ያንሳል። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እሳቸውንም ከላይ የሚጠይቃቸው ነበረ። እኔ እንዳይከፋቸው ብዬ ቅዳሜም እሠራ ነበር። ሰው ፊቱ ሲጠቁርብኝ አልችልም። ይህን የምጽፈው ለሚቀጥለው ታሪክ ስለሚያስፈልግ ነው።

እማማ ዘነበችን ያገኘኋቸው በአምስተኛው ዓመቴ ነው። ቤታቸው ቀራንዮ፣ ከመድኃኔ ዓለም ዝቅ ብሎ፣ አዲስ ፎቅ የሚሠራበት አጥር ሥር የተጠጋ የጭቃ ቤት ነው። ጎጃም ተወልደው በልጅነታቸው አዲስ አበባ የገቡ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ በርበሬ እያስፈጩ እየሸጡ ሁለት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። የማኅፀን በር ካንሰር ነበረባቸው። ከእሳቸው ጋር የምትኖረው ልጃቸው ገነት ልብስ ሰፊ ናት። ወንድሟ ደሳለኝ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው።

በመጀመሪያው ቀን እንደ ሲስተር የሺ እጄን ብብቴ ውስጥ አሙቄ ያዝኳቸው።

"እጅሽ ይሞቃል" አሉኝ። "ባል አለሽ?"

"የለኝም እማማ።"

"ታዲያ ማን አሞቀው?"

ገነት አፏን ይዛ ወጣች።

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እሄዳለሁ። ቁስሉ ሽታ ስለነበረው ሐኪም ያዘዘውን ክኒን ፈጭቼ እነሰንስበታለሁ፤ በአምስተኛው ቀን ሽታው ጠፋ፤ ለሽታው ሲባል ክፍት ይውል የነበረው መስኮትም ተዘጋ። ሞርፊኑን ገነት በሰዓቱ ትሰጣለች። እማማ ስለ ደሳለኝ ያወሩኛል። ከጅቡቲ ሲመለስ ከነተሳቢው ሰፈር ገብቶ መንገድ ይዘጋል፤ የሰፈሩ ሰው ይሰድበዋል፤ እሱ ደግሞ ከጋቢናው ወርዶ የሰዳቢውን ሁሉ ጉንጭ ይስማል። "ስድብ ይጠግብና እኔ ጋ ሲገባ ምሳ አልበላም ይላል" እያሉ ይስቃሉ።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ጧት ገነት መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። ጥቁር ለብሳለች።

"ራሔል፣ ደሱ ሞተ" አለችኝ።

መኪናው መንገድ ላይ ተገልብጦ ነው። ቅዳሜ ጎጃም ወስደው አባቱ ጎን ቀብረውታል። ለእናቷ የሥራ ጉዳይ ነው ብላ ነበር የሄደችው። አሁን ጥቁሩን ጎረቤት ቤት አውልቃ፣ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ ልትገባ ነው። ከጎኗ የእማማ ታናሽ ወንድም ጋሽ ሞላ ቆመዋል። ዓይናቸው አብጧል።

"አትነገርም" አሉ ጋሽ ሞላ። "በዚህ ላይ ይሄን ከሰማች በሕመሙ ሳይሆን በዚህ ነው የምትሞተው።"

"ችግሩ ትጠይቀናለች" አለች ገነት። "ስሙን ስንጠራ ድምፃችን ይሰበራል፤ ታውቅብናለች። አንቺ ግን አታውቂውም። አንቺ ብትነግሪያት ታምናለች።"

"ምን ልበላቸው?"

"ጅቡቲ ጭነት ይዞት ቆሟል፣ መስመር እንደልብ የለም በያት። ደውሎ ነበር፣ ተኝተሽ ነበር እንላታለን። አንቺም እንደዚያው በያት። በእናትሽ።"

እኔም ያደግሁት በዚሁ ነው። መርዶ የራሱ ሰዓት አለው፤ በንጋት፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ከግራና ከቀኝ ተዘጋጅቶ ይነገራል። ለታመመ ሰው አይነገርም። አባቴ ታሞ ሳለ የእኅቱን ሞት ሰባት ወር ደብቀነዋል። ስለዚህ የገነት ልመና እንግዳ አልሆነብኝም። እንግዳ መሆን የነበረበት እማማን በመጀመሪያው ቀን "የጠየቁኝን አልዋሽዎትም" ያልኳቸው እኔ መሆኔ ነው። ሲስተር የሺን ልጠይቅና ልንገራችሁ አላልኩም። ሁለቱም ፊቴን እያዩ ነበር። እሺ አልኩ።

ገብቼ አፋቸውን ሳጸዳ "ደሳለኝ ሰላም ብሎዎታል" አልኳቸው። "ትናንት ደውሎ ተኝተው ነበር። ጅቡቲ ጭነት ይዞት ነው።"

ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። በሥራዬ ብዙ መድኃኒት ሰጥቻለሁ፤ እንደዚያ የፈጠነ አላየሁም።

ረቡዕ ሌላ ሰላምታ አመጣሁ። ዓርብም። ሰው ሲደሰትልኝ እጨምራለሁ። "'እማዬ መድኃኒቷን በደንብ ትወስዳለች ወይ?' ብሎ ጠየቀኝ" አልኳቸው። "'በሰባት ሰዓት ነው የሚመቸኝ፤ ምሳ ስንቆም' አለኝ" አልኳቸው። ይህን ያልኩት እውነት እንዲመስል ነው። ገነት በር ላይ ስትሸኘኝ እጄን ትስማለች። እማማ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፤ ይተኛሉ፤ ሲነቁ "ደወለ?" ይላሉ።

ሰላምታ ማድረስ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ገነት ስሪንጁን ስታቀርብ አፋቸውን ገጠሙ።

"አልወስድም።"

"እማማ፣ ሕመሙ ይመለሳል እኮ" አልኩ።

"ይመለስ። እሱን አውቀዋለሁ።" ገነት ስሪንጁን እጄ ላይ ትታ ወጣች።

"ምን ሆነው ነው?"

"በስድስት ሰዓት ይሄን ትሰጡኛላችሁ፤ በሰባት ሰዓት እተኛለሁ። ልጄ የሚደውለው በሰባት ሰዓት ነው። አንቺ ነሽ የነገርሽኝ።"

እኔ ስሪንጁን ይዤ ዱካው ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሰዓት አንድ ነገር ማድረግ እችል ነበር፤ ተነስቼ ወጥቼ ጋሽ ሞላን "ከዚህ በላይ አልችልም፤ ንገሯቸው" ማለት። እኔ ግን የታየኝ ስሪንጁ ውስጥ ያለው መድኃኒት ብቻ ነው። እንዲወስዱልኝ ፈለግሁ።

"ዓርብ በሰባት ሰዓት ይደውላል" አልኳቸው። "እንደሚደውል ነግሮኛል። እስከዚያ ይውሰዱ፤ ዓርብ ብቻ እንዲነቁ እናደርጋለን።"

"ዓርብ?"

"ዓርብ።"

አፋቸውን ከፈቱ። ረቡዕንም፣ ሐሙስንም እስከ ማታ ሳያጓድሉ ወሰዱ። እኔም ሐሙስ ከሰዓት ገነት በስልክ ስትነግረኝ በራሴ ደስ አለኝ። ዓርብ ሲደርስ አንድ ነገር እላለሁ፣ መስመር ጠፋ እላለሁ ብዬ ነበር።

ዓርብ ጧት በሦስት ሰዓት ስደርስ ፀጉራቸው ተበጥሯል፤ ገና ውሃ ያልነካው አዲስ ነጠላ ለብሰዋል። የገነት ስልክ ደረታቸው ላይ ነው። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ አንድ ጠብታ አልወሰዱም። ላባቸው ትራሱን አርሶታል። የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ይዘዋል።

"ያቃስቱ እማማ፣ ያቃስቱ፤ ይቀልልዎታል" አልኳቸው።

ነጠላውን ከአፋቸው አወጡ። "ድምፄ ይደክማል" አሉ። "ሲሰማኝ ብሶባታል እንዳይል።" ስልኩን ጠበቅ አድርገው ይዘው ጠየቁኝ፤ "ድምፁ እንዴት ነው? ሲሄድ ጉንፋን ይዞት ነበር።"

"ለቆታል" አልኩ። ያደረስኩላቸው የመጨረሻ ሰላምታ ይህ ነው።

ወጥቼ ለሲስተር የሺ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም።

"ስንት ሰዓት ነው ያልሻቸው?"

"ሰባት።"

"መጣሁ።"

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። ግቢው ውስጥ ጋሽ ሞላንና ገነትን አቁመው "ይነገራቸው" አሉ። "የሚጠብቁት ሰው እንደማይደውል ካላወቁ ማስታገሻውን አይወስዱም። አሁን የምታዩት ስቃይ የበሽታው ብቻ አይደለም።"

"ሲስተር፣ እንዴት አድርጌ?" አሉ ጋሽ ሞላ። "እኅቴን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻዋን? መርዶ እንዲህ አይነገርም። ቄስ የለ፣ ዘመድ የለ።"

"ሰው ይጥሩ እንግዲያው።"

"ነገ ጧት። በንጋት፣ በወጉ። የንስሐ አባቷንም አመጣለሁ።"

"እስከ ነገ የሚቆዩ ይመስልዎታል?"

ጋሽ ሞላ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት። ገነት መሬት ላይ ተቀምጣ የቀሚሷን አበቦች ትቆነጥራለች።

ሲስተር የሺ ገቡ። እጃቸውን አሞቁ። ዱካው ላይ ዝቅ ብለው ተቀመጡ። "እማማ፣ ስልኩን እኔ ልያዝልዎት። ይሄን ትንሽ ይቅመሱ።"

"ከደወለ በኋላ" አሉ እማማ።

ሲስተር የሺ ዓይናቸውን ከእማማ ፊት አልነቀሉም። እንዲጠይቋቸው እየጠበቁ እንደሆነ ገባኝ። "ልጄ ደህና ነው?" ቢሏቸው እውነቱን ይነግሯቸው ነበር። እማማ ግን እሳቸውን አልጠየቁም። የሚያዩት እኔን ነበር። እኔን አስቀድመው ጠይቀውኛል፤ መልሱንም ከእኔ አግኝተዋል።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ከአጥሩ ማዶ ግንበኞቹ ለምሳ ሥራ አቆሙና ሰፈሩ ጸጥ አለ። ስልኩ አልጮኸም። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ግንበኞቹ ተመለሱ። እማማ አንድ እጃቸውን ከስልኩ ላይ አነሱና ጉልበቴን ነካ ነካ አደረጉኝ።

"አትከፊ" አሉኝ። "መስመር ጠፍቶ ነው።"

ከዚያ በኋላ መዋጥ አልቻሉም። ሲስተር የሺ ጥቂት ጠብታ በጉንጫቸው ውስጥ አደረጉላቸው። እኔ ከንፈራቸውን አረጠብኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አረፉ። ገነት ስልኩን ከጣታቸው ስታላቅቅ እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ታክሲ ፌርማታ ድረስ ከሲስተር የሺ ጋር አብረን ሄድን።

"ማንን ለማስደሰት ነው?" አሉኝ በመጨረሻ።

"ሁሉንም" አልኩ።

"አዎ" አሉ።

በማግስቱ ለቀብር ሄድኩ። ግቢው በር ላይ የሁለት ሰው ፎቶግራፍ ነበር። አንደኛው የእማማ ነው። ሁለተኛው ወፍራም፣ ጥርሱ ፍንጭት የሆነ፣ እየሳቀ የተነሳ ወጣት ነው። ለሦስት ሳምንት ሰላምታውን ሳደርስለት የቆየሁትን ሰው ያየሁት ያኔ ነው። ጋሽ ሞላ ድንኳኑ ውስጥ ተነስተው "ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናለቅሰው ለሁለት ነው" አሉ። ከዚያ በዚያ ግቢ ውስጥ የተዋጠው ስም በአንድ ጊዜ ወጣ። ሴቶቹ "ደሱ፣ ደሱዬ" እያሉ ደረታቸውን መቱ። የሰደቡት ጎረቤቶቹ ሁሉ አለቀሱለት። እናቱ ብቻ አላለቀሱለትም።

ገነት ጥቁሯን ለብሳ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "እግዜር ይስጥሽ" አለችኝ። "ተስፋ ይዛ ሄደች።" የተረፈውን የሞርፊን ጠርሙስ በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ።

የተረፈ ሞርፊን ተለክቶ፣ ቅጽ ተሞልቶ ይመለሳል። ሰኞ ቢሮ ተቀምጬ ሞላሁ። "ያልተወሰደበት ምክንያት" የሚል አንድ መስመር አለ። "ታካሚዋ ፈቃደኛ ስላልሆኑ" ብዬ ጻፍኩ። ሲስተር የሺ አነበቡትና ሳይፈርሙ መለሱልኝ። አዲስ ቅጽ አወጣሁ። "ልጃቸው እንደሞተ እያወቅሁ፣ ዓርብ ይደውላል ብዬ ስለነገርኳቸው፣ እንዳይተኙ ብለው ትተውታል" ብዬ ጻፍኩ። መስመሩ አልበቃኝም፤ በጀርባው ጨረስኩት። ሲስተር የሺ ጀርባው ላይ፣ ከእኔ ስም ሥር ፈረሙ። አቶ ፈለቀ ጠርተው ለአንድ ወር ብቻዬን ታማሚ ቤት እንዳልገባ አዘዙኝ። ትክክል ነበሩ።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ቤተሰብ እንድደብቅ ሲለምነኝ "እኔ አልናገርም፤ ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም" እላለሁ። በዚህ የተነሳ ከሁለት ቤት ተባርሬያለሁ። አንደኛው ቤት ያሉት በወሩ አስጠርተውኛል፤ የሌላኛው ቤት ሰዎች አልጠሩኝም።

ለገነት ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። እናቷ በዚያች ዓርብ ለምን እንደዚያ እንደተሰቃዩ በግማሽ ነው የምታውቀው። የሰባት ሰዓቱን ነገር የጨመርኩት እኔ መሆኔን፣ ዓርብን የፈጠርኩት እኔ መሆኔን አታውቅም። ልነግራት ሁለት ጊዜ እስከ በሯ ሄጃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ስመለስ 18 ማዞሪያ ላይ ታክሲ ውስጥ ተገናኘን። ጮክ ብላ ጠርታ ስማኝ አጠገቤ ተቀመጠች። ከጎኗ ለተቀመጡ ሴት "ይቺ እናቴን በሰላም የሸኘችልኝ እኅቴ ናት" አለቻቸው። ሴትየዋ "ጎሽ ልጄ፣ ይባርክሽ" አሉኝ። ገነት ሒሳቤን ከፍላ ቀራንዮ ወረደች። በመስኮቱ በኩል እጇን ስታወዛውዝልኝ እኔም አወዛወዝኩላት።